ይፋት በአምስት መሳቢያ፦ የጥናት ርእስ ፍለጋና የቤተ መጻሕፍት ማውጫ

«ስለ ይፋት ምን የተጻፈ ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱና በየባህል ጽሕፈት ቤቱ ዘወትር የሚሰማ ነው። የሚሰጠውም መልስ ብዙውን ጊዜ «ምንም የለም» የሚል ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ የወረዳውን ታሪክ እንዲያሰናዳ ኃላፊነት የተሰጠው የባህል ሠራተኛ፣ ታሪካዊ ተውኔት ለመድረስ ብዕሩን ያነሣ ደራሲ ይህን መልስ ከሰማ በኋላ የሚታየው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ርእሱን ትቶ ብዙዎች ወደ ተመላለሱበት ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ዐድዋ መሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ከያለበት የተለቃቀመውን ወሬ ሳያበጥሩ ታሪክ ነው ብሎ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ይፋትን እንደ ተረሳች ያስቀራታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለትውልድ የተዛባ ታሪክ ያወርሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ምንም የለም» የሚለው መልስ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው። ስለ ይፋት ቆላ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን በአንድ ስም፣ በአንድ ቋንቋና በአንድ ቤት ተሰብስቦ አልተቀመጠም። ስለዚህም የጥናት ርእስ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ መጻሕፍትን ማውጫና የመረጃ ቋት አጠያየቅ ማወቅ ይኖርበታል። እንዲያውም ጥሩ ርእስ የሚወለደው እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ማውጫዎች ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ ከተገኙበት ቦታ ላይ ነው ለማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀገሩና ስሞቹ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ደጋው ያልቅና ቆላው ይዘረጋል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በዚህ ቆላ፣ በቀወት አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም በሆነ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ማሽላውና ጤፉ፣ ማሾውና ሽንኩርቱ የሚበቅልባት፣ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲጓዙ የሚያቋርጧት ሀገር ናት። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያዎቿ ይገናኛሉ። ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ እስከ ዘይላ ወደብ ይዘልቅ የነበረው የሲራራ ንግድ መንገድም የሚያልፈው በዚሁ በደጋና በቆላ መጋጠሚያ በኩል ነበር። እንዲህ ያለ ሀገር ታሪክ አልባ ሊሆን እንደማይችል ሳይመረመር እንኳ መገመት ይቻላል።

ታዲያ ታሪኳ ከየት ጠፋ? የመጀመሪያው ምክንያት ስሟ ነው። እኛ ይፋት የምንላትን ሀገር የመካከለኛው ዘመን የዐረብ ጸሐፊዎች በነጥብና በአናባቢ አነባበብ ልዩነት የተነሣ አንዳንዴ አውፋት፣ አንዳንዴ ወፋት ተብላ በምትነበብ መልክ ጽፈዋታል። ጀበርት በሚል ስምም ጠቅሰዋታል። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡት እንግሊዛውያን ተጓዦች «ኤፋት» ብለው ጻፉ። የዘመናችን የታሪክ ምሁራን አብዛኞቹ «ኢፋት» ሲሉ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጡት የመመረቂያ ጽሑፎች ደግሞ «ይፋት»ን መርጠዋል።

እንግዲህ በላቲን ፊደል ተራ በተደረደረ የካርድ ካታሎግ ፊት የቆመ ሰው እንዳለ እናስብ። አውፋት በኤ ፊደል፣ ኤፋት በኢ ፊደል፣ ኢፋት በአይ ፊደል፣ ወፋት በደብልዩ፣ ይፋት በዋይ ፊደል ሥር ይገኛሉ። አንዲት ሀገር በአምስት መሳቢያ ተከፋፍላ ተቀምጣለች ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ስቦ አይቶ «የለም» ብሎ የሚመለስ ሰው አራቱን እጅ ሳያይ ሄዷል። ካርዱ በኮምፒዩተር ተተክቶ መሳቢያው ዛሬ በዐይን ባይታይም ችግሩ አልተወገደም፤ መሣሪያው የሚፈልገው የተጻፈለትን ፊደል እንጂ የጠያቂውን ሐሳብ አይደለምና።

የማውጫ ታሪክ በአጭሩ

መጻሕፍት በበዙበት ሀገር ሁሉ ማውጫ መኖሩ አይቀርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ካሊማኮስ የተባለው ባለቅኔ የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ሀብት በ120 ጥቅልል መዝግቦ ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኢብን አን-ነዲም የተባለው የባግዳድ መጽሐፍ ነጋዴ በዘመኑ በዐረብኛ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር «ፊህሪስት» በሚል ስም አዘጋጀ። የመጀመሪያው ሰው ባለቅኔ፣ ሁለተኛው ነጋዴ መሆናቸው ሲታይ፣ የማውጫ ሥራ የደረቀ የጸሐፊ ሥራ ብቻ አለመሆኑ ይገለጣል።

የእኛ ሀገር የብራና መጻሕፍት ማውጫ ግን በብዛት የተጀመረው በውጭ ሀገር ነው። ዲልማን የለንደኑን የብሪትሽ ሙዚየም የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር በ1847 አሳተመ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች ለንደን ከገቡ በኋላ ዊልያም ራይት ሰፊውን ካታሎግ በ1877 አወጣ። በዚያው ዓመት ዞተንበርግ የፓሪሱን አሳተመ። ከሀገሩ የተወሰደ ቅርስ በተወሰደበት ሀገር ቋንቋና ፊደል ተመዝግቦ ስለተገኘ፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የአባቶቹን መጻሕፍት ለመፈለግ በባዕድ ፊደል መጠየቅ ግድ ሆነበት።

በሀገር ውስጥ በ1944 ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተከፈተ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ተመሠረተ፤ መጽሔቱም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። ፊልሙ በሚከማችበት በሚኒሶታ ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት በደከሙበት ሥራ ብዙዎቹ ተመዝግበዋል። በማይክሮፊልም የተነሡት መጻሕፍት ከ9,000 ይበልጣሉ። ዛሬ ይህ ሀብት በኮምፒዩተር መስኮት ያለ ክፍያ ይታያል። እንደዚሁም በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የወጡትን መጣጥፎች «ጄስቶር» በተባለው ቋት፣ በ1955 የተጀመረውን የፈረንሳይኛውን «አናል ዴትዮፒ» መጽሔት «ፔርሴ» በተባለው ነፃ ቋት፣ የአፍሪካ መጽሔቶችን ደግሞ በ1998 በተቋቋመው የአፍሪካ መጽሔቶች ቋት ማግኘት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በራሱ ቋት ያስቀምጣል።

የመረጃ ቋት ከተራ የኢንተርኔት ፍለጋ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱን ሥራ በደራሲ፣ በርእስ፣ በዓመት፣ በመጽሔትና በመለያ ቃል ከፋፍሎ መመዝገቡ ነው። ብዙዎቹም ከጽሑፉ በፊት አጭር ማጠቃለያ ያስቀምጣሉ። ጥናት ለመጀመር መጽሐፉን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም፤ ሃምሳ ማጠቃለያ ያነበበ ሰው ምን እንደተጠናና ምን እንደቀረ መልኩን ያያል። ርእስ ፍለጋ የሚባለውም በመሠረቱ ይህ ነው።

አራት ወገን ምንጮች

አምስቱን ስሞች ይዞ የሚፈልግ ሰው አራት ወገን ምንጮችን ያገኛል።

የመጀመሪያው የዐረብኛው ወገን ነው። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር በ1941 ባሳተመው የዐረብኛ ዜና መዋዕል ውስጥ በሸዋ ምድር የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት የሚባል የሙስሊም ሱልጣኔት እንደ ነበረ፣ ይህም ሱልጣኔት በ1285 ግድም በዑመር ወላስማ እጅ እንደ ወደቀ ተመዝግቧል። ከዚህ በኋላ የወላስማ ዘሮች ይፋትን መናገሻቸው አድርገው ነገሡ። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሞተው ዐል-ዑመሪ የይፋትን ስፋት፣ ሠራዊትና አዝመራ ዘርዝሮ ጽፏል፤ 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ ነበራት ይላል። ሆኖም ዐል-ዑመሪ ይፋትን በዐይኑ አላያትም፤ የጻፈው ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ የተባለው ሰው ካይሮ ላይ ከነገረው ነው። ይህንን ማወቅ ምንጩን ለመጣል ሳይሆን ለመመዘን ይጠቅማል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐል-መቅሪዚ በሐበሻ ስለነበሩት የእስላም ነገሥታት የጻፈው መጽሐፍም በዚሁ ወገን ይቆጠራል።

ሁለተኛው የግዕዙ ወገን ነው። ከ1314 እስከ 1344 የነገሠው ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በይፋቱ ሰብረዲን ላይ ያካሄደው ዘመቻ በግዕዝ ዜና መዋዕል ተጽፏል። ሀንቲንግፎርድ በ1965 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ይህ ድርሰት የአሸናፊው ወገን ድምፅ ነው፤ ተሸናፊው የሚናገረው በአሸናፊው ጸሐፊ አፍ ነው። ተውኔት የሚጽፍ ሰው የዚህን ትርጉም በቀላሉ ይረዳዋል። ያም ሆኖ በድርሰቱ ውስጥ ሰብረዲን ሲፎክር የንጉሡን መናገሻ ወርሼ ጫት እተክልባታለሁ እንዳለ የሚተርክ ቦታ አለ። አንዲት ተክል የአንድ ሃይማኖትና የአንድ ሥልጣን ምልክት ሆና በ14ኛው መቶ ዓመት መጠቀሷ ለኋላው የምንመለስበት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው የተጓዦቹ ወገን ነው። ከ1839 ጀምሮ ክራፕፍ፣ በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ የመጣው ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ፣ በ1842 ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት መጡ። በ1841 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ሣህለ ሥላሴ የሸዋና የይፋት ንጉሥ ተብሎ ተጠርቷል። ጆንስተን በዓልዩ አምባ ተቀምጦ ስለ ገበያው፣ ስለ ነጋዴውና ስለ ኑሮው የጻፈው በ1844 ታተመ፤ የሃሪስም መጽሐፍ በዚያው ዓመት ወጣ። እነዚህ ሰዎች ሲጽፉ የመንግሥታቸውን ጥቅም ይመለከቱ ነበር፤ የሚንቁትም ነገር ብዙ ነበር። ቢሆንም ገበያውን፣ መንገዱንና የሰውን ስም መዝግበው ትተዋል።

አራተኛው የዘመናችን ምሁራን ወገን ነው። ታደሰ ታምራት ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ከ1270 እስከ 1527 የነበራቸውን ግንኙነት በተነተኑበትና በ1972 በታተመው መጽሐፋቸው ይፋት ሰፊ ቦታ አላት። አሕመድ ሐሰን ዑመር በ1994 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የማስተርስ ጽሑፍ ከ1889 እስከ 1974 በይፋትና ጥሙጋ የነበረውን የሕዝቦች ግንኙነት አጥንተዋል። አበበ ክፍለየሱስ ስለ አርጎባ ሕዝብ የጻፉት መጽሐፍ በ2006 ታትሟል። በዚያው ዓመት ቁጥር በያዘው የ«አናል ዴትዮፒ» እትም እነ ፎቬልና ሂርሽ በይፋት ውስጥ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉ የሦስት የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞችን ፍርስራሽ አስተዋወቁ። ሸዋ ሮቢት ባለችበት የይፋት ቆላ ከደጋው ግርጌ የሚታየው የድንጋይ ግንብና የመስጊድ ፍርስራሽ፣ ዐል-ዑመሪ ካይሮ ተቀምጦ ስለሰማው ዓለም የሚመሰክር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ርእሱ የሚወለድበት ቦታ

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ከተጠና ታዲያ ለእኔ ምን ቀረልኝ?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። መልሱን በምሳሌ ማየት ይሻላል።

በዐረብኛው ወገን «ወላስማ» በ1285 አካባቢ መንግሥት የመሠረተ ቤት ስም ነው። በተጓዦቹ ወገን ደግሞ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋትን ቆላ ያስተዳድር የነበረው ሙስሊም ሹም «ወላስማ መሐመድ» ተብሎ ይጠራል። በሁለቱ መካከል ከ550 ዓመት በላይ አለ። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ የዓምደ ጽዮን ጦርነት፣ የሱልጣኔቱ መፍረስና መናገሻው ወደ ምሥራቅ ወደ አዳል መሸሹ፣ የ16ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት ሁሉ አልፏል። ስሙ ግን አላለፈም። የነጋሢ ቤት ስም የነበረው ቃል እንዴት የገባር አገር ሹም ማዕርግ ሆነ? ትውልዱ ነው የቀጠለው ወይስ ስሙ ብቻ? የሸዋ ነገሥታትስ ያንን ስም ለምን ሊያቆዩት ፈለጉ? የመጀመሪያውን መዝገብ የሚያውቅ የእስላም ታሪክ ተመራማሪ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያውቅ የ19ኛው መቶ ዓመት ሸዋ ተመራማሪ ነው። ሁለቱ ስሙን በላቲን ፊደል የሚጽፉበትም መንገድ የተለያየ ነው። ጥያቄው የተወለደው ሁለቱ ካርዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ስለ ጉዳዩ የነኩ ምሁራን ቢኖሩም የማስታወሻቸው ግርጌ ወደ ሌላ መጽሐፍ ይመራል፤ ያም ወደ ሌላ። ይህ ሰንሰለት ተመራማሪውን ያደክመዋል እንጂ አያከስረውም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከጫት እንውሰድ። ጫት በመረጃ ቋት ውስጥ የሚገኘው በእርሻ፣ በጤናና በኢኮኖሚ መለያ ቃል ሥር ነው። የግዕዙ ዜና መዋዕል ደግሞ በሥነ ጽሑፍና በፖለቲካ ታሪክ ሥር ተቀምጧል። ዐል-ዑመሪም የዚያችን ሀገር ሰዎች የሚበሉትን ቅጠል ያነሣል። በእርሻ መሳቢያና በዜና መዋዕል መሳቢያ መካከል ድልድይ የሚሠራ ተማሪ «በይፋት የጫት ማኅበራዊ ትርጉም» የሚል ርእስ ይዞ ይወጣል። ይህ ርእስ «የይፋት ታሪክ» ከሚለው ይጠብባል፤ የሚጠብበውም ወደ መልካም ጎኑ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለተውኔት ደራሲያን ነው። ሃሪስ እንደጻፈው፣ የሸዋ ነገሥታት ለዙፋኑ ያሰጋሉ የሚሏቸውን የንጉሥ ልጆች በይፋት ውስጥ ጎንቾ በተባለ ቦታ አስረው ያኖሩ ነበር፤ የዚህም እስር ቤት ጠባቂ ራሱ ወላስማው ነበር። ሣህለ ሥላሴ እስረኞቹን የፈታው የእንግሊዝ መልእክተኞች በአገሩ ሳሉ ነው። ሙስሊም ሹም የክርስቲያን መኳንንት ልጆችን ይጠብቃል፤ ንጉሡ የሚፈራውን የገዛ ሥጋውን ለሌላ ሃይማኖት ሰው አምኖ ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ የተውኔት ግጭት ከየት ይመጣል? ነገር ግን ደራሲው ሃሪስን ብቻ ይዞ ቢነሣ የሚያቀርበው የሃሪስን ቲያትር ይሆናል። ክራፕፍንና ጆንስተንን፣ የሸዋን የአማርኛ ታሪክ ጸሐፊዎችና የአካባቢውን አረጋውያን ከጠየቀ በኋላ ግን ወላስማው በራሱ አንደበት ሊናገር ይችላል።

የፍለጋው ዘዴ

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰፊ መግቢያ ይነበባል። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የወጣው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ» ለዚህ ይጠቅማል፤ በውስጡ ያሉትን ስሞችና የተለያየ አጻጻፋቸውን በደብተር መገልበጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስሞቹ በቋቱ ውስጥ በአንድነት ይጠየቃሉ። «ወይም» የሚለውን ማያያዣ የሚተካው የእንግሊዝኛ ቃል አምስቱን የይፋት ስሞች በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ «እና» የሚለውን የሚተካው ደግሞ ከንግድ፣ ከመሬት ሥሪት ወይም ከአርጎባ ጋር በማጣመር ያጠብባል።

የማይፈለገውንም ማስወገድ የግድ ነው። «ይፋት» በእስራኤል የአንድ የእርሻ መንደርና የብዙ ሴቶች ስም ስለሆነ፣ ስሙን ብቻ የጻፈ ሰው ስለ ሌላ ሀገር የተጻፈ ብዙ ነገር ይመጣበታል። «ሮቢት» ብሎ የጠየቀ ደግሞ የቆቦውን ሮቢት፣ በባሕር ዳር አጠገብ ያለውንና ብዙ የመስኖ ጥናት የተካሄደበትን ሮቢት ያገኛል። ቦታዋ ሸዋ የሚል ቅጥያ ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ፈላጊው ሸዋን አስቀድሞ፣ ቀወትን አክሎ፣ ሁለቱን ቃል አያይዞም ለያይቶም መጠየቅ ይገባዋል።

የደራሲ ስምም ወጥመድ ነው። ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይጠራል እንጂ በአባቱ አይጠራም፤ የውጭ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ። ስለዚህ ታደሰ ታምራት በአንዱ ቤት በታደሰ፣ በሌላው በታምራት ይገኛሉ፤ አሕመድ ሐሰን ዑመርም በዑመር ሥር ሊደበቁ ይችላሉ። አንድ ደራሲ በሁለት ስም መፈለጉ ድካም ቢመስልም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሳያዩ ከመቅረት ያድናል።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ብዛት ራሱ ይመክራል። ሺህ ካርድ ከመጣ ርእሱ ሰፍቷል፤ አንድም ካልመጣ ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ ጥያቄው አልተጠየቀም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ «ማንም አልጻፈበትም» ብሎ ማወጅ ትልቅ ጥፋት ነው። ሠላሳ ወይም አርባ ካርድ ሲገኝ ማጠቃለያዎቹን አንብቦ፣ በምን ዓመት፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው የሙያ ዘርፍ እንደተጻፉ በሠንጠረዥ መደርደር ይቻላል። በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ሣጥን የጥናቱ በር ነው።

የሸዋ ሮቢትን ከተማ ለምሳሌ በዚህ ዘዴ ብንመረምር፣ በታሪክ መለያ ቃል ሥር የሚገኘው ጥቂት ሲሆን በእርሻ ሥር የሚገኘው ብዙ ነው፤ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ መስኖ፣ የአፈር ለምነት እያለ ይቀጥላል። የትምባሆ እርሻው፣ ጣሊያን የሠራው መንገድ፣ ማረሚያ ቤቱ በየሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ ተበትነዋል። እርሻን ያጠናው ባለሙያ ስለ መሬቱ ይጽፋል፤ በዚያ መሬት ላይ የሠራውን የቀን ሠራተኛ፣ ከደጋ ወርዶ በወባ የታመመውን ስደተኛ ገበሬ፣ የገበያውን ሴት ነጋዴ ግን አይጽፍም፤ ሙያው አይደለምና። የሰፊው ሠራተኛ ሕዝብ ታሪክ በእርሻ መሳቢያ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ተቀምጧል ማለት ነው። የታሪክ መምህር ያንን መሳቢያ ስቦ ሊያነብብ ይገባዋል።

ማውጫው የማያውቀው

ማውጫ ግን ሁሉን አያውቅም። በየመስጊዱና በየሼኩ ቤት የሚገኙት የዐረብኛና የዐጀም መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሳይመዘገቡ ቆይተዋል። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን የዐረብኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሌሳንድሮ ጎሪ ያሳተመው በ2014 ነው። የግዕዙ ካታሎግ ከተጀመረ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ይህ የዘመን ርቀት የአንድ ሕዝብ ሁለት ቅርሶች በእኩል ዐይን አለመታየታቸውን በቁጥር ያስረዳል። እንደዚሁ የአርጎባ ትረካ፣ የቆላው ሕዝብ ግጥምና ፉከራ፣ የሽማግሌዎች የእርቅ ሥርዓት አብዛኛው በቃል ያለ ነው። በቋት ውስጥ ያልተገኘ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ካርድ አልተጻፈለትም ማለት ነው።

ይህ ነገር የሚያስቸኩልበት ምክንያትም አለ። በ2021 ጸደይ አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ቤት ሲቃጠል በቤቱ ውስጥ ያለ ወረቀት አብሮ ይቃጠላል፤ ሽማግሌ ሲሰደድ ትረካው አብሮት ይሰደዳል። የተቃጠለ ግንብ እንደገና ይሠራል፤ ቅጂ የሌለው ሰነድ ግን አይመለስም። ከዚህም ሌላ፣ አንዱ ወገን የሌላውን ታሪክ በማያውቅበት ሀገር ወሬ የታሪክን ቦታ በቀላሉ ይይዛል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በይፋት ቆላ እንዴት ተጋጭተው እንዴት እንደታረቁ፣ ምን እንደተነጋገዱና እንዴት እንደተጋቡ በማስረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለዛሬውም ሰላም ይጠቅማል።

ስለዚህ ሁለት ሥራ ከፊታችን ይገኛል። የመጀመሪያው የፈላጊው ሥራ ነው፤ ይኸውም ከላይ እንደተነገረው በሁሉም ስም፣ በሁሉም መሳቢያ መጠየቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከላይ ከተጠቀሱት ቋቶች አንዳንዶቹም ገንዘብ አይጠይቁም። ሁለተኛው የአስቀማጩ ሥራ ነው። በ1975 የወጣው አዋጅ በሀገሪቱ የሚታተም ጽሑፍ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቢ እንዲሆን ደንግጓል፤ ዳሩ ግን የወረዳ መጽሔት፣ የትምህርት ቤት ክበብ መድበል፣ በመድረክ ታይቶ የቀረ ተውኔት፣ ለበዓል የተዘጋጀ የአካባቢ ታሪክ ከጽሕፈት ቤቱ ሣጥን አይወጡም። የሚጻፍ ሁሉ ቢያንስ በሁለት ቤት፣ ከአጭር ማጠቃለያና ከትክክለኛ የቦታ ስም ጋር ቢቀመጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ «ምንም የለም» የሚለውን መልስ አይሰማም።

ለዚህ የሚሆን ትልቅ ሹመት ወይም ትልቅ በጀት መጠበቅ አያሻም። በቀወት ወይም በኤፍራታ የሚያስተምር አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ደብተር ሊጀምረው ይችላል። በመጀመሪያው ገጽ አምስቱ የይፋት ስሞች ይጻፉ፤ በሁለተኛው የወንዞቹ፣ የገበያዎቹ፣ የፍርስራሾቹና የመቃብሮቹ ስሞች፣ አማራው እንደሚጠራቸው፣ አርጎባው እንደሚጠራቸው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እንደሚጠሯቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ለሚገኘው ካርድ ሁሉ ክፍት ይሁኑ።